ቢራ ፋብሪካ ለመጎብኘት የሚሄድ ገበሬ ምን አይቶ ይመለስ?



የጎሬና የመቱ አካባቢ ገበሬዎችን ሰብስቦ ፋብሪካ ለማስጎብኘት የሚያስብ የልማት ሠራተኛ ብዙ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ገበሬ ያመረተው እህል ከማሳው ወጥቶ የት እንደሚደርስ በዓይኑ ቢያይ ሥራውን ያሻሽላልና። ነገር ግን ከቢራ ፋብሪካ ጉብኝት የተመለሰ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ጠርሙሱ ብዛት፣ ስለ ማሽኑ ድምፅና በመጨረሻ ስለ ቀመሰው ብርጭቆ ነው። ስለ ገብሱ የሚያወራ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ባለው ጉብኝት ገበሬው ምን መመልከት፣ ምንስ መጠየቅ እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

የትኛውን ፋብሪካ?

በአገራችን ከሁሉ የቀደመው ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ይህ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ንብረት ከሆነ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለውጭ ኩባንያ ተሽጧል። የአገራችንን የቢራ አጠማመቅ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ መጀመር ይገባዋል።

ለጎሬ ሰው ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው። በቅርብ የሚገኘው በደሌ ነው። የበደሌ ቢራ ፋብሪካ በ1980ዎቹ ውስጥ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ገዝቶታል። ከመቱ እስከ በደሌ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ማልዶ የተነሣ ቡድን በዚያው ቀን አይቶ መመለስ ይችላል። ወደየትኛውም ፋብሪካ ቢኬድ አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ፈቃድና የጉብኝት ቀን ማግኘት ያስፈልጋል። የምግብና የመጠጥ ፋብሪካ ያልተጠበቀ እንግዳ አያስገባምና።

በቤታችን ያለው ፋብሪካ

ወደ ፋብሪካው ከመሄዳችን በፊት በቤታችን የሚሠራውን እናስታውስ። ጠላ የምትጠምቅ እናት ገብሱን ወይም በቆሎውን በውሃ ትነክራለች፤ ውሃውን አጠንፍፋ በቅጠል ሸፍና ታበቅላለች፤ ቡቃያው ሲወጣ በፀሐይ አድርቃ ትፈጨዋለች። ይህ ብቅል ነው። ጌሾውን ወቅጣ ከብቅሉ ጋር በውሃ ትጠነስሳለች። ከዚያ በኋላ ቂጣውን ወይም እንኩሮውን ጨምራ ትደፈድፋለች፤ በወይራ በታጠነ ጋን ከድና ታስቀምጠዋለች፤ ሲደርስም ውሃ ጨምራ ታጠልለዋለች።

በቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በፋብሪካው ሁሉም ነገር በሚዛን፣ በሙቀት መለኪያና በሰዓት መሠራቱ ነው። በጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ይገባል፤ በጋን ፈንታ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ትልቅ በርሜል አለ። ስለዚህ ለልማት ሠራተኞች አንድ ምክር አለኝ፤ የጉብኝቱን ቡድን ስትመርጡ እናቶችን አታስቀሩ። ብቅል ማብቀልን፣ ጥንስስን፣ የመጠጥን መድረስና መበላሸት ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አስጎብኚው የሚናገረውን ቶሎ የሚገነዘቡት፣ የሚጠቅመውንም ጥያቄ የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው።

ገብሱ የሚፈተንበት ቦታ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙዎቹ ቢራ ፋብሪካዎች ገብስ ራሳቸው አያበቅሉም፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ብቅል ይገዛሉ። ገብሱን ተቀብሎ የሚያበቅለው የብቅል ፋብሪካ ነው። በአሰላ ያለው የብቅል ፋብሪካ በ1970ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚና በደብረ ብርሃን ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ተሠርተዋል። ይህ ከመሆኑ በፊት የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ከሚያስፈልጋቸው ብቅል ብዙውን በውጭ ምንዛሪ ከውጭ ያስመጡ ነበር።

የቢራ ገብስ ሲረከቡ የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ ሕይወት። ገብሱ መብቀል አለበት። ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95ቱ ካልበቀለ ለብቅል አይሆንም። ያልበቀለው ፍሬ ይሻግታል፤ የበቀለውንም ያበላሻል።

2ኛ/ ድርቀት። በእህሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ100 እጅ 13 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

3ኛ/ ንጽሕና። ዓይነቱ ያልተደባለቀ፣ አፈር፣ ጠጠርና እበት የሌለው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ልብሱ ያልተላጠ ይፈለጋል። የተለያየ ዘር ቢደባለቅ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚበቅል ብቅሉ እኩል አይሆንም።

4ኛ/ የፍሬው ሙላት። ወፍራም ፍሬ ብዙ ስታርች አለው፤ ከስታርቹ ስኳር፣ ከስኳሩም መጠጡ ይገኛል።

5ኛ/ የፕሮቲን መጠን። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ100 እጅ ከ9 እስከ 12 እጅ ድረስ ነው። ለምግብ የምንፈልገው ገብስ ፕሮቲኑ ቢበዛ ደስ ይለናል። ለቢራ ግን ፕሮቲን ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፤ ቢራውም ይደፈርሳል።

ስለዚህ ስለ አምስተኛው ነጥብ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የእርሻ ኮሌጅ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ ደጋ አገር ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ አባወራ በግማሽ ሄክታር ላይ የቢራ ገብስ ዘሩ። ገብሱ ሊያሸት ሲቃረብ ቅጠሉ ቢጫ መስሎ ስለታየኝ፣ «ዩሪያ ይጨምሩበት፤ ምርቱ ይበዛልዎታል» አልኳቸው። እርሳቸውም ቃሌን አምነው ገዝተው ጨመሩ። በእርግጥም ማሳው አረንጓዴ ሆነ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ። በኋላ ግን ገብሱ በመረከቢያው ቦታ በመሣሪያ ሲለካ ፕሮቲኑ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘና ተመለሰ። አባወራው የአህያ ኪራይ ሁለት ጊዜ ከፍለው፣ ገብሱን በገበያ እንደ ማንኛውም ገብስ በርካሽ ሸጡት። የዘርና የማዳበሪያ ዕዳቸውን ለመክፈል አንዲት ጊደር ለመሸጥ ተገደዱ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ በዘር ጊዜና ተክሉ ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ጊዜ ሲሰጥ ምርት ይጨምራል፤ ዘግይቶ ሲሰጥ ግን በአብዛኛው የሚጨምረው የፍሬውን ፕሮቲን ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ነገር ግን በመረከቢያው በር ላይ ምን ማለት እንደሆነ አላየሁም ነበር። አባወራው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንተስ እዚያ ገብተህ አይተህ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ገበሬዎችን ፋብሪካ ሳላሳይ፣ ራሴም ሳላይ፣ ለፋብሪካ የሚሆን ሰብል ዝሩ ብዬ አልመክርም።

ከብቅል እስከ ጠርሙስ

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። አስጎብኚው ነጭ ካባና ቆብ ይሰጣችኋል። ይህ ለንጽሕና ነውና አትቀየሙ። ከዚያም በሚከተለው ተራ ታያላችሁ።

መፍጨት፦ ብቅሉ እንደ እንጀራ ዱቄት አይልምም፤ ተሰነጣጥቆ ብቻ ይወጣል። ምክንያቱም የገብሱ ልብስ በኋላ እንደ ወንፊት ሆኖ ጭማቂውን የሚያጣራው እርሱ ስለሆነ ነው። በአውድማ ላይ ልብሱ የተላጠ ገብስ ለምን እንደሚናቅ እዚህ ላይ ይገባችኋል።

ማሸት፦ የተሰነጠቀው ብቅል ከሙቅ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ሙቀቱም በብዛት ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ነው። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የተፈጠሩት ኤንዛይሞች በዚህ ሙቀት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ውሃው ከልክ በላይ ቢሞቅ ኤንዛይሞቹ ይሞታሉ፤ ስኳርም አይገኝም። ገብስ የሚበቅለው ለዚህ ነው፤ ያልበቀለ ገብስ ይህ ኃይል የለውም።

ማጣራትና ማፍላት፦ ጣፋጩ ጭማቂ ከአተላው ተለይቶ ከሆፕ ጋር ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈላል። ሆፕ እንደ ጌሾ መራራነትና መዓዛ ይሰጣል፤ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል።

እርሾ መጨመር፦ ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ ተመርጦ የተዘጋጀ እርሾ ይገባበታል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና አረፋ የሚሆነውን ጋዝ ያወጣል። እኛ በምንጠጣው ዓይነት ቢራ ይህ ሥራ የሚካሄደው በቅዝቃዜ፣ ማለት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ድረስ ባለ ሙቀት፣ ለአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ሊረጋ እስኪቃረብ ድረስ በሚቀዘቅዝ ቦታ እየጠለለና እየበሰለ ይቆያል።

ማሸግ፦ ቢራው ተጣርቶ ወደ ታጠበው ጠርሙስ ይገባል። ከታሸገ በኋላ በ60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይሞቃል። ጠላ በጥቂት ቀን ሲኮመጥጥ ቢራ ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያኮመጥጡት ደቂቅ ነፍሳት በሙቀቱ ይሞታሉ። የጠርሙሱ ቀለም ቡናማ የሆነውም የፀሐይ ብርሃን ከሆፕ የመጣውን ነገር ለውጦ መጥፎ ሽታ እንዳያመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ የሚፈሰውን ውሃ ልብ በሉ። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት፣ ማጠቢያውና ማቀዝቀዣው ሲቈጠር፣ እንደ ፋብሪካው ሁኔታ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ከ1 ኩንታል ገብስ 80 ኪሎ ያህል ብቅል፣ ከዚያም በግምት ከ400 እስከ 500 ሊትር ቢራ ይገኛል።

ስለ ቅምሻው

በጉብኝቱ መጨረሻ ቅምሻ ይኖራል። ገበሬ ግን መቅመስ ያለበት ከብርጭቆው በፊት ነው። አስጎብኚውን አንድ ቁንጥር ገብስና አንድ ቁንጥር ብቅል ለምኑት። ገብሱን በጥርሳችሁ ስበሩት፤ ጠጣርና ጣዕም የለሽ ነው። ብቅሉን አኝኩት፤ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ይጣፍጣልም። ከተፈቀደላችሁ ገና ያልተጠነሰሰውን ጭማቂም ቅመሱ። ከሦስቱ በኋላ ቢራውን ብትቀምሱ፣ ከማሳችሁ የወጣው ፍሬ ምን ምን እንደሆነ በምላሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ቢራውን ስትቀምሱ መጀመሪያ ጥራቱንና አረፋውን እዩ፤ ቀጥሎ አሽትቱ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጉንጭ ብቻ ቅመሱ። ደፍርሶ ወይም ኮምጥጦ ከሆነ ጉድለት አለበት። ቅምሻ ማለት ጠጥቶ መጥገብ አይደለም። ሹፌሩ ጨርሶ አይቅመስ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች አይቅመሱ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ መሆኑንም የልማት ሠራተኛው ያስታውስ።

በኢሉባቦር በሃይማኖታቸው ምክንያት አልኮል የማይቀምሱ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እነርሱንም ማንም አያስገድድ፤ አያሹፍባቸውም። ገብሱንና ብቅሉን መቅመስ ለሁሉ ይቻላል። ገብስ ያለ አልኮልም ጥሩ መጠጥ ይሆናል፤ በየቤታችን የሚዘጋጀው ቀሪቦ ለዚህ ምስክር ነው።

ስለ አተላው

ፋብሪካው ለሚጥለው ነገርም ዓይናችሁን ክፈቱ። ከጭማቂው የተለየው የብቅል አተላ ለከብት ጥሩ መኖ ነው። ስኳሩ ስለወጣ በቀረው ድርቆሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከፍ ያለ ነው፤ ለምትታለብ ላምም ይጠቅማል። ነገር ግን ሦስት አራተኛው ውሃ ስለሆነ ለማጓጓዝ ይከብዳል፤ በሞቃት አገርም በጥቂት ቀን ይሻግታል። የሻገተውን ለከብት መስጠት አደገኛ ነው። በደሌ አጠገብ ላለ ላም አርቢ ጥቅም አለው፤ ጎሬ ድረስ አስጭኖ ማምጣት ግን ለመንገድ የሚወጣው ገንዘብ ያሳጣል። የጎሬ ሰው የቤቱን የጠላ አተላ በዚያው ቀን፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሣርና ከጭድ ጋር ቢያበላ ይሻለዋል።

እንግዲህ የጎሬ ገበሬ ገብስ ይዝራ?

ይህ ጥያቄ ከጉብኝቱ ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ መነሣቱ አይቀርም። በቅን ልቦና ልመልስ። የቢራ ገብስ ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ይወዳል፤ ከአርሲና ከባሌ ደጋዎች በደንብ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ጎሬ ግን በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ገብስ በሚደርስበት ጊዜ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይጠቁራል፤ አንዳንዴም በእሸቱ ላይ ይበቅላል። ቀዩ አፈራችንም ኮምጣጣነት ያጠቃዋል፤ ገብስ ደግሞ ኮምጣጣ አፈርን አይችልም። ኖራ ካልተጨመረበት ሥሩ ይጫጫል። ስለዚህ በጫካ ጥላ ሥር ያለ ቡናውን ነቅሎ ገብስ ለመዝራት የሚያስብ ካለ፣ እባክዎ አይቸኩሉ። ከፍ ባለው ቦታ ማሳ ያለው ሰውም ቢሆን አስቀድሞ ገዢ መኖሩን፣ ገዢውም የሚፈልገውን የዘር ዓይነትና ጥራት በጽሑፍ ሳያረጋግጥ አይዝራ።

ታዲያ የጉብኝቱ ጥቅም ምንድን ነው? ጥቅሙ በመረከቢያው በር ላይ የምታዩት ሚዛን ነው። ያ ሚዛን ለገብስ ብቻ የተተከለ አይደለም። ቡናችን ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ ሲለቀም፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈር ሲሸተው፣ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሲታሰር፣ ከፕሮቲኑ መብዛት የተነሣ እንደተመለሰው ገብስ ዋጋው ይወርዳል። ማራችንም ከእጭና ከሰም ጋር ተጨምቆ፣ ጭስ ሸትቶ ሲቀርብ እንዲሁ ነው። ገዢ የሚከፍለው ለብዛቱ ብቻ አይደለም። ዓይነቱ አንድ፣ ድርቀቱ በቂ፣ ንጽሕናው የታመነ ሲሆን ነው ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው።

በቤታችሁ የሚሠሩ ሦስት ፈተናዎች

የፋብሪካውን መሣሪያ የሚተኩ ባይሆኑም እነዚህን ማንም ገበሬ ያለ ወጪ ሊሠራቸው ይችላል።

የመብቀል ፈተና፦ 100 ፍሬ ሳትመርጡ ቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። ይህ ለዘርም ለብቅልም ይሠራል። ገና የታጨደ ገብስ ግን ለጥቂት ሳምንት ካላረፈ በደንብ ላይበቅል ይችላልና ተስፋ አትቁረጡ።

የድርቀት ፈተና፦ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እህልና በደንብ የደረቀ ጨው ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ አንቀጥቅጡት፤ ከዚያም ጥቂት አሳርፉት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ካልተጣበቀ ለማስቀመጥ የሚበቃ ድርቀት አለው። የቢራ ገብስ ግን ከዚህም በላይ መድረቅ ስላለበት አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ጨምሩለት።

የንጽሕና ፈተና፦ ከከረጢቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አንድ አንድ እፍኝ አውጡ። በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ የተሰበረውን፣ የሌላ ዓይነት የሆነውንና ጠጠሩን ለይታችሁ ቁጠሩ። ገዢው ከማየቱ በፊት ራሳችሁ እዩት።

በመድኃኒት የታሸ የዘር ገብስ ግን ለብቅልም ለምግብም ለመኖም ፈጽሞ አይሁን። መርዝ ነው።

ለመሄድ ስትዘጋጁ

የልማት ሠራተኛው ቡድኑን ከ15 ሰው ባያስበልጥ መልካም ነው፤ ቢበዛ የኋለኞቹ አይሰሙምና። አስጎብኚው በአማርኛ የሚናገር ከሆነ ወደ ኦሮምኛ የሚያስረዳ ሰው ይዘጋጅ። ከየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይመረጡ፤ ሲመለሱም ያዩትን ለጎረቤቶቻቸው በዕድር ወይም በገበያ ቀን ይንገሩ። እያንዳንዱ ሰው ከማሳው አንድ እፍኝ እህል፣ ቡናም ቢሆን ማርም ቢሆን፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይያዝ። በፋብሪካው የጥራት መመርመሪያ ክፍል የሚሠሩትን ሰዎች እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ የእናንተ ዕቃ ባይሆንም፣ እናንተ ገዢ ብትሆኑ ኖሮ ምኑን ትነቅፉ ነበር?»

ከፋብሪካ የሚገኘው ትምህርት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጣችሁ መልስ ውስጥ ነው። ያንን መልስ ቀድመው ሰምተው ቢሆን ኖሮ፣ ያ አባወራ ጊደራቸውን ባልሸጡ ነበር።